«ኢንኮዲንግ»ን «ምስጠራ» ማለት ይገባልን?

ስለ ኮምፒዩተር በአማርኛ በሚቀርቡ የትርጉም ሥራዎች ከሚያጋጥሙን አተረጓጎሞች አንዱ፣ «ኢንኮዲንግ» የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ «ምስጠራ» ብሎ መሰየም ነው። ስያሜው ለጆሮ የሚስማማ፣ ለእርባታም የሚመች ነው፤ ነገር ግን በዲጂታል የምስክር ወረቀት ረገድ ሲመዘን፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ ሆኖ እናገኘዋለን።

የምስክር ወረቀቱ ይዘት የሚወሰነው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኤክስ 509 በተባለው ደንብ ነው። ይኸው ይዘት በፋይል ሲሰፍር ግን በተለይ ሁለት መልክ ይይዛል። «ዲ.ኢ.አር.» የሚባለው በጥሬ ባይት የተጻፈ ስለሆነ ለዓይን አይነበብም። «ፔም» የሚባለው ደግሞ እነዚያኑ ባይቶች ሦስት ሦስቱን ወደ አራት አራት ፊደላትና ምልክቶች ለውጦ፣ በመክፈቻና በመዝጊያ መስመሮች መካከል ያሰፍራቸዋል። ዐሥራ ሁለትን «፲፪» ወይም «12» ብሎ መጻፍ ቁጥሩን እንደማይሰውረው ሁሉ፣ ይህም ለውጥ የሚሰውረው ነገር የለም፤ ደንቡን የሚያውቅ ሁሉ ያለ ቁልፍ ይመልሰዋል።

«ምስጠራ» ግን ከ«ምስጢር» ጋር የተዛመደ በመሆኑ፣ አንባቢው የሚረዳው መሰወርን ነው። ስለዚህ ፔም ይጠብቅ የነበረ ፕሮግራም ዲ.ኢ.አር. ቀርቦለት የሚሰጠው የስሕተት መልእክት «ያልታወቀ ምስጠራ» ተብሎ ቢተረጐም፣ ተጠቃሚው የፋይሉን መልክ በመለወጥ ፈንታ የይለፍ ቃል ፍለጋ ይገባል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ በፔም የተጻፈ የግል ቁልፍ «ተመስጥሯል» ብሎ አምኖ ለሌላ ሰው መላክ ነው። በእርግጥ ፔም የተመሰጠረ የግል ቁልፍንም ሊይዝ ይችላል፤ ይህንንም በመክፈቻው መስመር ለይቶ ይገልጻል። ሁለቱንም «ምስጠራ» ያለ ተርጓሚ ግን ልዩነቱን የሚያስረዳበት ቃል አይተርፈውም።

«ኮድ አጻጻፍ» የሚለውም አማራጭ ፕሮግራም ከመጻፍ ጋር ስለሚያደናግር አንደግፈውም። ከባዕድ ቃል በፊት የአገር ቃል መፈለግ ተገቢ መሆኑን እናምናለን፤ ይሁን እንጂ የአገር ቃል የሚመረጠው ጽንሰ ሐሳቡን ሲገልጽ ነው እንጂ ሲያሳስት አይደለም። ስለሆነም «ምስጠራ» ያለ ቁልፍ ለማይፈታው ጽሑፍ ብቻ ተወስኖ ቢቀር፣ «ፎርማት» «ቅርጸት» ቢባል፣ «ኢንኮዲንግ» ግን የተሻለ ስያሜ እስኪገኝለት ድረስ እንዳለ ቢወረስ ይሻላል እንላለን። ባዕድነቱ የታወቀ ቃል አንባቢውን ያስጠይቀዋል፤ የተሳሳተ የአገር ቃል ግን ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል።