ተከታታይ ምዘና በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች፦ ነጥብ መሰብሰብ ወይስ ትምህርትን ማወቅ?

መግቢያ

አንድ ተማሪ በየዓመቱ «አልፏል» እየተባለ ከአንደኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተጓዘ በኋላ በመጨረሻው ፈተና ላይ ትምህርቱን አለመጨበጡ ቢታወቅ፣ ተጠያቂው ተማሪው ብቻ ሊሆን አይገባም። በጉዞው ሁሉ ሲመዝነው የኖረው ሚዛንም አብሮ መመርመር ይኖርበታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ፣ መኮራረጅን በሚከላከል ጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይኸው መጠን በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ለዚህ ውጤት ጦርነትና የጸጥታ መታወክ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ያስከተለው የትምህርት መቋረጥ፣ የመጻሕፍት እጥረትና ሌሎችም ምክንያቶች መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ እነዚያ ተማሪዎች ሁሉ ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወሩት የመምህራኖቻቸውን ምዘና አልፈው ነው። የክፍሉ ምዘና ያላየውን ጉድለት የመጨረሻው ፈተና ካየው፣ የክፍሉ ምዘና ምን ሲመዝን እንደቆየ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ጥያቄው አገር አቀፍ ቢሆንም መልሱ የሚገኘው በየመማሪያ ክፍሉ ነው። በመሆኑም ጉዳዩን በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ማለትም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃና በሸቤ ሁኔታ ላይ አድርጎ መመልከት ይጠቅማል። በነዚህ ከተሞች የትምህርቱ ዘመን ከቡናው ለቀማ ጋር ይጋጫል። የመማሪያው ቋንቋ በመካከለኛው መንገድ ላይ ይለወጣል። ነዋሪውም ምርትን በጥንቃቄ መመዘንና ደረጃ መስጠትን ከመተዳደሪያው ጋር አብሮ የሚያውቅ ነው።

ሀ. ከመመሪያ እስከ ሮስተር

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተማሪው ሁለንተናዊ ዕድገት ይታወቅ ዘንድ በንድፈ ሐሳብም ሆነ በተግባር ትምህርት በየደረጃው ተከታታይ ምዘና እንዲካሄድ ደንግጓል። ከአንድ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለማለፍም ቢያንስ 50 በመቶ ማግኘት እንደሚያስፈልግ በዚሁ ፖሊሲ ተመልክቷል። የመጀመሪያው ድንጋጌ ተማሪውን ለማወቅ፣ ሁለተኛው ተማሪውን ለመለየት የታሰቡ ናቸው። ማይክል ስክሪቨን እ.ኤ.አ. በ1967 እነዚህን ሁለት ተግባራት፣ ማለትም ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ለማሻሻል የሚደረገውን ግምገማና ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋውን ለመወሰን የሚደረገውን ግምገማ፣ በተለያየ ስም ከጠራ ወዲህ ልዩነቱ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ሰፊ የጥናቶች ቅኝትም የመጀመሪያው ዓይነት ምዘና በሚገባ ሲሠራበት የተማሪዎችን ውጤት፣ በተለይም የደካሞቹን፣ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል።

በተግባር ግን ሁለተኛው ድንጋጌ የመጀመሪያውን ዋጠው። ተከታታይ ምዘና ማለት 100 ነጥብን መቆራረስ ማለት ሆኖ ቀረ። አምስት ለደብተር፣ ዐሥር ለቤት ሥራ፣ ዐሥር ለቡድን ሥራ፣ ጥቂት ለአጭር ፈተና፣ የቀረው ለሰሚስተሩ ማጠቃለያ ተብሎ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ቁራሽ ተሰጥቶ ወዲያው በሮስተር ላይ ይሰፍራል። ከርእሰ መምህሩ ጀምሮ እስከ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚደረገው ክትትልም በአብዛኛው የሮስተሩ ዓምዶች መሞላታቸውን ከማረጋገጥ አያልፍም። የተማሪው ስሕተት ምን ነበር፣ መምህሩስ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ በሮስተሩ ላይ ቦታ የለውም። ቀድሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ የነበረው ፈተና ወደ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ቢባዛ የፈተናው ቁጥር ጨመረ እንጂ ዓይነቱ አልተለወጠም።

ለ. ሦስት ዜሮዎች

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይበጃል። በጅማ አካባቢ ቡና በፈረሱላ ይለካል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑን የአራተኛ ክፍል ልጅ ሳይቀር ከቤቱ ያውቃል። መምህሩ «የ3 ፈረሱላ ጀንፈል ክብደት ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛው መልስ 51 ነው። አንደኛው ተማሪ 20 ብሎ ጻፈ፤ ሁለተኛው 31 አለ፤ ሦስተኛው ባዶውን ተወው። በሮስተሩ ላይ ሦስቱም ዜሮ ናቸው።

የመጀመሪያው ተማሪ 3ን ከ17 ጋር ደምሯል፤ ስለዚህ ማባዛት መቼ እንደሚያስፈልግ አልተረዳም። ሁለተኛው ማባዛቱን ያውቃል፤ ሦስት ጊዜ ሰባት 21 ሲሆን ግን 1ን ጽፎ የተሸከመውን 2 ረስቶታል። ለእርሱ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ልምምድ ነው። ሦስተኛው ሒሳቡን ይወቅ አይወቅ ገና አልታወቀም፤ ምናልባት ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ሲታሰብ ይህ ግምት ከቁም ነገር መቆጠር አለበት። እንግዲህ ሦስት የተለያየ መድኃኒት የሚሹ ሦስት ሕመሞች በአንድ ስም ተጠርተው ተዘጉ። መምህሩ የሚያውቀው ሦስት ልጆች አለማወቃቸውን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ከፈተናውም በፊት ሳይጠረጥር አልቀረም።

የቡድን ሥራ ነጥብም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። አንዱ ጎበዝ የሠራውን አምስቱ ሲካፈሉት ነጥቡ የአንዱን ዕውቀት በአራቱ ስም ይመዘግባል። ደካማውን ተማሪ ለጊዜው ከመውደቅ ቢያድነውም ድክመቱን ከመምህሩ ዓይን ይሰውረዋል።

ሐ. የለቀማው ወራት

በጅማ ዙሪያ የቡናው ለቀማ በመጸው ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል፤ ጥቅምትና ኅዳር ዋነኞቹ ናቸው። የመጀመሪያው ሰሚስተር በበኩሉ በመስከረም ተጀምሮ በጥር የሚያበቃ ስለሆነ፣ አጫጭር ፈተናዎችና የሰሚስተሩ አጋማሽ ፈተና የሚበዙት ቤተሰብ የልጁን እጅ በሚፈልግበት ወቅት ነው። ቀይ እሸቱ በጊዜው ካልተለቀመ ይረግፋል፤ የዓመቱ ልብስ፣ ደብተርና የቤት ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ነው። ስለሆነም ልጁ ከትምህርት ገበታ መቅረቱ ሁልጊዜ ከስንፍና የመጣ ነው ሊባል አይቻልም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለተመለሰው ተማሪ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምላሽ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ላልተፈተነበት ዜሮ ይመዘገብለታል፤ ወይ ሮስተሩ እንዳይጎድል ተብሎ ሳይፈተን ነጥብ ይሞላለታል። የመጀመሪያው መቅረትን እንደ አለማወቅ፣ ሁለተኛው አለማወቅን እንደ ዕውቀት ይቈጥራል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ንጹሕ ቍጥር ሆነው ስለሚታዩ፣ በቍጥሩ ተመሥርቶ ዕቅድ የሚያወጣው ባለሙያ ሊለያቸው አይችልም።

መ. የቋንቋው ድልድይ

በኦሮሚያ ክልል ተማሪዎች እስከ 8ኛ ክፍል በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ተምረው ክልላዊውን ፈተና ከወሰዱ በኋላ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ተገቢና ጠቃሚ ነው። ችግሩ ምዘናው ይህን መሸጋገሪያ እንደሌለ መቍጠሩ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ በባዮሎጂ ፈተና 30 ከመቶ ሲያገኝ፣ ያጣው የባዮሎጂውን ዕውቀት ይሁን ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ከነጥቡ አይታወቅም። ይኸው መጠራጠር ሳይፈታ እስከ 12ኛ ክፍል ይዘልቃል። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ በቃል ቢጠይቀው ግን ልዩነቱ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይታወቃል።

ሠ. ከአካባቢው የሚገኝ ትምህርት

ጉድለትን በስሙ የሚጠራ ምዘና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የያዘውን በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ ሲሳሳት ወዲያው ይታረማል፤ ሳይዝ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በጅማ አካባቢ ሥር በሰደደው የቁርአን ትምህርት ቤትም ሕፃኑ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በሚገባ ማሰማቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ሰሌዳው ታጥቦ አዲሱ ትምህርት የሚጻፍለት። ሁለቱም በቃል መያዝን ማብዛታቸው፣ በሐሳብ መመራመርን ለጀማሪው አለመፍቀዳቸው ተገቢ ነቀፌታ ሊቀርብበት ይችላል። ሆኖም ስሕተቱ ሳይታረም የሚሻገር ተማሪ እንዳይኖር መጠንቀቃቸው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያጣው በጎ ልማድ ነው።

ሌላው ምሳሌ የቡናው ምርመራ ነው። ቡና ደረጃ ሲሰጠው ከ100 ነጥብ 40 ያህሉ ጥሬው ታይቶና ተሽትቶ፣ 60 ያህሉ ተቆልቶና ተፈልቶ በቅምሻ ይወሰናል። መርማሪው ድምሩን ብቻ ጽፎ አያልፍም፤ እንከኑንም ይለያል። ያልበሰለ ፍሬ ከበዛበት ጥፋቱ በለቀማው ነው፤ ሻጋታ ከሸተተ በማድረቁ፣ ከኮመጠጠ በማብላላቱ ላይ ነው። አቅራቢው ገበሬና ማኅበር ለሚቀጥለው ዓመት የቱን ሥራ እንደሚያርሙ ከዚህ ይረዳሉ። ለአንድ ከረጢት ቡና የሚደረገው ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ ልጅ መንፈጉ ያሳዝናል። ለዚያውም የተበላሸ ቡና ተመልሶ አይድንም፤ የልጅ ስሕተት ግን በጊዜው ከታወቀ የሚድን ነው።

ረ. ምን ይደረግ?

አንድ መምህር አራት ክፍሎችን በየክፍሉ 60 ተማሪ ይዞ ቢያስተምር 240 ተማሪዎች አሉት። ይህን ሁሉ እንዴት ለየብቻ ይመረምራል የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ነገር ግን አሁን ባለው አሠራር ይኸው መምህር በሰሚስተር ስድስት ጊዜ ቢፈትን 1,440 ወረቀት ያርማል፤ ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያተርፈው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ሐሳቦች ቢታዩ ሸክሙ ሳይጨምር ፍሬው ሊጨምር ይችላል።

1ኛ. የፈተናዎቹ ቍጥር በግማሽ ይቀነስ። የሚታረመው ወረቀት 720 ሲሆን፣ በተረፈው ጊዜ መምህሩ የተደጋገሙትን ሦስት ወይም አራት ስሕተቶች በአንድ ገጽ መዝግቦ ለእነርሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይመድብ።

2ኛ. በሮስተሩ ላይ «ዜሮ» እና «አልተመዘነም» የተለያየ ምልክት ይኑራቸው። በለቀማ ምክንያት ለቀሩ ተማሪዎች ከጥር በኋላ የማካካሻ ትምህርትና ምዘና አስቀድሞ በዓመቱ ዕቅድ ይገባ፤ ለትምህርት ዘመኑ አከፋፈልም የአካባቢው የምርት ወቅት ግምት ውስጥ ይግባ።

3ኛ. የቡድን ሥራ ነጥብ ለእያንዳንዱ አባል በሚቀርብ አንድ የቃል ጥያቄ ይረጋገጥ። በ9ኛ ክፍል መግቢያም የይዘትንና የቋንቋን ድክመት የሚለይ አጭር ምርመራ ይደረግ።

4ኛ. በአንድ ክላስተር ያሉ መምህራን የተማሪው ስም የተሸፈነ ጥቂት ወረቀት ተለዋውጠው ይረሙ። የቡና ናሙና የባለቤቱ ስም ተሰውሮ በመለያ ቍጥር የሚቀመሰው ሚዛኑ ለማንም እንዳያዳላ ነው፤ በአጋሮ 70 የተባለው በሰቃ 45 የሚሆን ከሆነ ችግሩ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

5ኛ. ሱፐርቫይዘሮች ከሮስተሩ መሞላት ይልቅ የታረሙ ደብተሮችን ናሙና ይመልከቱ፤ የሚጠይቁትም «ስንት ጊዜ ፈተንህ?» ሳይሆን «ምን አገኘህ፣ ምንስ አደረግህበት?» የሚል ይሁን።

ማጠቃለያ

ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም. ይሰጥ የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ፣ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናና በ12ኛው ብሔራዊ ፈተና መካከል ባሉት ዓመታት ተማሪው ያለበትን የሚነግር የመምህሩ ምዘና ብቻ ነው። ይህ ምዘና ሐሰተኛ ተስፋ ከሰጠ፣ ወላጅ ከለቀማው ገንዘብ ቀንሶ ያስተማረው ልጅ እውነቱን የሚሰማው ለመታረም ጊዜ በሌለበት በመጨረሻው ቀን ይሆናል። የብሔራዊ ፈተናውን ቁጥጥር ማጥበቅ ጉድለቱን ገለጠው እንጂ አልሞላውም። ጉድለቱ የሚሞላው ፈረሱላውን በደመረውና የተሸከመውን በረሳው ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት መምህሩ በዚያው ሳምንት አውቆ፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ሲያስተምር ነው።