«ውርስ»፣ «ተነሺ» እና «ገስብ»፦ ንብረት መውሰድን የምንጠራባቸው ቃላት

በጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ፈራኢድ ሳስተምር አንድ ደረሳ «አያቴ በሕይወት ሳሉ ቤታቸው ተወረሰ፤ ወራሹ ማን ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ስለ ቃል ይምሰል እንጂ ስለ መብት ነው። በፈራኢድ ውርስ ሟችን፣ በሕይወት ያለ ወራሽንና የተተወ ሀብትን ይሻል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤትን» የመንግሥት ሲያደርግ ግን ባለቤቱ ቆሞ እያየ ቤቱ «ተወረሰ» ተባለ። ቃሉ ሕያውን ሰው ከሟች ቆጠረው።

የዛሬው ሕግ ቃሉን አለስልሷል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በርእሱ መሬት «የሚለቀቅበትን» ሁኔታ ይደነግጋል፤ ባለይዞታዎቹንም «ተነሺዎች» ይላቸዋል። ካሣንና መልሶ ማቋቋምን መደንገጉ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የለቀቀም የተነሣም ሰው በፈቃዱ ያደረገው ይመስላል፤ አስነሺው በቃሉ ውስጥ የለም።

የፊቅህ ቋንቋ እንዲህ አይሸሽግም። ገስብ ሲባል ጋሲቡ፣ የተወሰደው ነገርና የተወሰደበት ሰው፣ ሦስቱም ስም አላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሑነይን ዘመቻ የጦር ጥሩር በጠየቁት ጊዜ ሰፍዋን ኢብን ኡመያ ገና አልሰለመም ነበር። ገስብ እንደሆነ ጠየቀ፤ ዋስትና ያለው ውሰት መሆኑን ነገሩት። በአንዲት ቃል ኃላፊነቱ ታወቀ።

«መሬቱ የመንግሥት ነውና ገስብ የለም» የሚል ክርክርም ይሰማል። የሻፊዒያ ሊቃውንት ግን ገስብን የሌላውን ሰው መብት በግፍ መያዝ ብለው ይተረጉሙታል፤ በሀብት ባለቤትነት ብቻ አይወስኑትም። የገበሬው ይዞታና ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት የጠበቀው የቡና ተክል መብት ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ይጠብቀዋል።

ትችቱ እኛንም ይመለከታል። አንዳንዶቻችን ገስብን «ስርቆት» ብለን እናስተምራለን፤ ስርቆት በስውር፣ ገስብ በገሃድ ነው፤ ሑክማቸውም ይለያያል። «ቅሚያ» ይቀርበዋል። ሌሎቻችን ደግሞ በሚንበር ላይ ማናቸውንም ማስለቀቅ ገስብ እንላለን። ይህም ልክ አይደለም። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) የመካን መስጂድ ሲያሰፉ በዙሪያው የነበሩትን ቤቶች ገዙ፤ አንሸጥም ላሉትም ዋጋው በካዕባ ግምጃ ቤት ተቀመጠላቸው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1980 ዓ.ም. በጅዳ ለሕዝብ ጥቅም መውሰድን የፈቀደው በቅድመ ሁኔታ ነው፦ ከገበያ ዋጋ ያላነሰና ሳይዘገይ የሚከፈል ካሣ፣ የሥልጣን ባለቤት ውሳኔ፣ እውነተኛ የጋራ ፍላጎት፣ ለግል ኢንቨስትመንትም አለመዋል። ድርጊቱንም «ነዝዕ አል-ሚልኪያ»፣ ባለቤትነትን መንጠቅ፣ ብሎ ጠራው። የተፈቀደ እንኳ ሲሆን ስሙን አልደበቀም።

እንግዲህ መምህርና ኢማም ስለ አንድ ይዞታ ሲጠየቅ ብያኔ ከመስጠቱ በፊት ማን ወሰደ፣ ከማን፣ በምን ዋጋ፣ ለማን ጥቅም ብሎ ይጠይቅ። ለደረሳዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ «አያትህ አልሞቱም ነበር፤ ስለዚህ ወሳጅ እንጂ ወራሽ አልነበረም።»