የድፎ ዳቦ ሙያ የሚለየው ከመሀሉ ነው

በከሰል ምድጃ ላይ ፒዛ ለመጋገር የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ታቹ ሲያርር ላዩ ገርጥቶ ይቀራል። የናፖሊ ጋጋሪ ሙቀቱን ከላይ የሚመልስለት ጉልላታም ምድጃ አለው። የጎጃሟ ደጋ ከተማ የፈረስ ቤት ባለሙያ ደግሞ ድፎ ስትደፋ ፍሙን ለሁለት ትከፍላለች፤ ግማሹ ከምጣዱ ሥር፣ ግማሹ ከክዳኑ ላይ። «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት» የሚባለው ለዚህ ነው። ድፎን መመዘን እንግዲህ የእሳት አያያዝን መመዘን ነው።

ዳቦው ከተጠቀለለበት ኮባ ጀምሩ። ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ሳይከስል፣ ሲገፈፍም የዳቦውን ቆዳ ሳይዝ መላቀቅ አለበት። የጅማቱ መስመር በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ከቀረ ሊጡ በልኩ ተቦክቷል ማለት ነው። ቆዳውን ይዞ ከተነሣ ግን ወይ ሊጡ ቀጥኗል፣ ወይ ዳቦው ቀድሞ ወጥቷል።

ቀጥሎ ገልብጡት። የላዩና የታቹ ቀለም መቀራረብ አለበት። በመሀሉ ጥቁር ክብ ካለ ፍሙ አንድ ቦታ ተከምሯል፤ ዳሩ ከነጣ ደግሞ ወደ ጠርዙ አልተበተነም። በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው የበሰለው ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

በትኩሱ አትቁረሱት፤ ውስጡ ሳይረጋ ስለሚቆረጥ በደንብ የበሰለውም ሊጥ ሊጥ ይላል። ጨርቅ ለብሶ ይቀዝቅዝ። ሲቆረስ ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንና ተመሳሳይ ይሁኑ። ቅርፊቱ ከውስጡ ተላቆ ባዶ ቦታ ከታየ ብዙውን ጊዜ የላዩ እሳት በርትቶ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይጨርስ ቆዳውን አድርቆበታል። ከታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ መስመር ካለ የታቹ ፍም ቀድሞ ከስሟል።

አገሩም በፍርዱ ይግባ። በፈረስ ቤት ብርድ ሊጥ ኩፍ ለማለት ይዘገያል፤ ቆላ በሚቀርበው ፍኖተ ሰላም ይፈጥናል፤ ቶሎም ይኮመጥጣል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የሊጡ መሀልም ከዚያ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ የደጋ ድፎ ለስለስ ያለ ፍምና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ስታሸቱት ቅድሚያውን ለስንዴውና ለኮባው ስጡ፤ ጥቁር አዝሙዱ ተከትሎ ይምጣ። ቅመሙ ከሁሉ ቀድሞ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ የእርሾውን ድካም ሊሸፍን የገባ እንዳይሆን ጠርጥሩ። በቅባት የተወለወለ ገጽም አያታልላችሁ።

አንድ መለኪያ ብቻ ምረጥ ብባል የመሀሉን ቁራሽ እጠይቃለሁ። ዳሩ ለሁሉም ይበስላል፤ መሀሉ የሚበስለው ለባለሙያዋ ነው።