ሚዛኑ ምን ይመዝናል?

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሴቶችንና የወንዶችን የኑሮ ልዩነት በየአገሩ በቁጥር የሚያስቀምጥ መለኪያ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት አቅርቧል። ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ በ2014 የተሻሻለ ሲሆን ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ለሴቶች ለብቻ፣ ለወንዶች ለብቻ አስልቶ የሴቶቹን ለወንዶቹ ያካፍላል። ውጤቱ 1 ከሆነ ተስተካከሉ ይባላል።

ጅምሩ የሚደገፍ ነው፤ ያልተቆጠረ በደል እንዳልነበረ ይረሳልና። ነገር ግን ገቢው እንዴት እንደሚገኝ ልብ በሉ። በብዙ አገር ሴቲቱ ለብቻዋ የምታገኘውን የመዘገበ የለም። ስለዚህ ከአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ ተነስቶ በሠራተኛ ቁጥርና በደመወዝ ንጽጽር ይገመታል። የደመወዙ መረጃ ሲጠፋ ደግሞ የሴቷ ደመወዝ የወንዱ 80 በመቶ ነው ተብሎ ይታሰባል። ታዲያ ሊለካ የተፈለገው ልዩነት ራሱ በግምት ከገባ መለኪያው ምን አዲስ ነገር ነገረን?

ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ሕመምተኛ የምታስታምመው እናትስ? ያው የ1995ቱ ሪፖርት ይህን መሰሉን ያልተከፈለበት የሴቶች ድካም በዓመት 11 ትሪሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር። በመለኪያው ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም።

ደግሞም ሁለቱ እኩል ቢደኸዩ ውጤቱ ያው 1 ነው። እኩልነት ተባለ እንጂ ጎጆው ውስጥ የገባ ነገር የለም።

እንግዲህ አገሮች በደረጃ ተሰልፈው ስታዩ፣ ማን ቀደመ ከማለታችሁ በፊት ምን ተመዘነ፣ ምንስ ከሚዛኑ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ።