ዘንበል ያለ አረር

ለኢላማ ተኩስ በልኩ ጠመንጃ የሚያሠራ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጨነቅበት ሪመር ነው፤ ቱቦውን ከኋላ በኩል ቆርጦ ጠመንጃው ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል የሚያወጣው መሣሪያ። አንዴ ከቆረጠ የሰፋው አይጠብም። ልኩን ከመምረጡ በፊት እንዲያነብ የምመክረው ግን የልኬት ሰንጠረዥ ሳይሆን በ1909 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የታተመውን «የአረር በረራ ከባሩድ እስከ ኢላማ» ነው።

ደራሲው ፍራንክሊን ማን በማሳቹሴትስ ግዛት ሚልፎርድ የኖረ ሐኪም ነው፤ ገንዘቡን ያገኘው ለዶሮ መኖ አጥንት የሚከትፍ ማሽን ሠርቶ ነው። ያንን ገንዘብና የዕድሜውን እኩሌታ የፈጀው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ተመሳሳይ ጥይቶች ለምን አንድ ቀዳዳ ውስጥ አይገቡም? የተኳሹ እጅ ሰበብ እንዳይሆን ቱቦውን ብቻውን «ጅብራልታር» ብሎ በሰየመው የኮንክሪት ምሰሶ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በአረሩ መንገድ ላይ በየርቀቱ ወረቀት ወጠረ። ቀዳዳው ክብ ከሆነ አረሩ ቀጥ ብሎ አልፏል፤ ሞላላ ከሆነ አዘንብሏል።

ከሙከራዎቹ ሁሉ አንዱን አልረሳውም። ሐኪሙ የአረሩን አፍንጫ ሆን ብሎ አበላሽቶ ተኮሰ፤ ምቱ ብዙም አልተለወጠም። ጀርባውን በአንድ ወገን ሲያጎድለው ግን ምቱ ተበተነ፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ ጎዶሎውን ጀርባ እኩል አይገፋውምና። ዓይናችን የሚያርፈው አፍንጫው ላይ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከኋላ ነው።

መጽሐፉ ለማንበብ ይከብዳል። ሙከራው በማስታወሻ ደብተር ቅደም ተከተል ይግተለተላል፤ ዋናውና ጥቃቅኑ እኩል ቦታ ይይዛሉ። በአብዛኛው የተኮሰውም እርሳስ ስለሆነ ዛሬ በመዳብ ለተለበሰ አረር ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ግን ያልተሳካለትን አይደብቅም፤ ምክንያቱን ያላገኘለትን ስህተት «ኤክስ» ብሎ ጠርቶ በግልጽ አስቀምጦታል። ለእኔ የመጽሐፉ ክብር እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፉን ከሪመር ጋር የሚያገናኘው ዘንበል ማለት የሚጀምረው ጥይቱ በተጎረሰበት ክፍል መሆኑ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ፓልሚሳኖና ፒንዴል የተባሉ ሰዎች ያወጡትን 6 ፒፒሲ የተባለ ጥይት እንይ። ብዙ ጊዜ የአንገቱ ቦታ በሪመር የሚቆረጠው በ0.262 ኢንች ነው፤ የተሞላው ጥይት አንገት 0.260 ቢሆን በየጎኑ የሚቀረው አንድ ሺኛ ኢንች፣ ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ነው። ከአንገቱ ፊት ያለው ጉሮሮም ከአረሩ የሚሰፋው በግማሽ ሺኛ ኢንች ያህል ነው፤ ከዚያ በአንድ ተኩል ዲግሪ እየጠበበ ወደ ጠመዝማዛው ቦይ ያስገባዋል። አረሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይህ ጉሮሮ ነው። ብዙ ሰው ግን ስለ ጉሮሮው ሳይጠይቅ በአንገቱ ጥበት ይኩራራል። የቀለሁ አንገት በልኩ ካልተላጨ አረሩን ለመልቀቅ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱም ለተኳሹ አደገኛ ይሆናል። ቀለህ መላጨት የማይፈልግ ሰው ሰፋ ያለ አንገት ቢያዝ ይሻለዋል፤ ጉሮሮው ከተስተካከለ የሚያጣው ጥቂት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አረሩ ይመረጥ፣ ቀጥሎ ቀለሁ፤ ባሩድ የሌለው ናሙና ጥይት ተገጣጥሞ ለሪመር ሠሪው ይላክና የሪመሩ ሥዕል በናሙናው ልክ ይሣል።