ውሃን ማስቆም ወይስ መከታተል? ስለ «ሥዕላዊ ገለጻ» አንድ አስተያየት

በሥነ ጽሑፍ ሒሳችን ውስጥ «ሥዕላዊ ገለጻ» የሚለውን ያህል አዘውትረን የምንጠቀምበት ሙገሳ ጥቂት ነው። ተማሪዎቼ አንድን ልቦለድ ሲገመግሙ፣ ደራሲው ወንዙን ወይም ሐይቁን እንደ ሠዓሊ እንደሳለው ይጽፋሉ። ከአባባሉ በስተጀርባ ያለው ግምት፣ ሠዓሊ የሚንቀሳቀሰውን ዓለም ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሰው ነው የሚል ይመስለኛል። ይህን ግምት በባሕር ዳርቻ ሥዕል አማካይነት ለመመርመር እሞክራለሁ።

ግምቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ጀርመናዊው ሐያሲ ሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1766 ባሳተመው «ላኦኮን»፣ ሥነ ግጥም በጊዜ ውስጥ የሚከታተሉ ድርጊቶችን፣ ሥዕል ደግሞ በቦታ ጎን ለጎን የሚገኙ አካላትን እንደሚያሳይ አትቷል። ሠዓሊ ያለችው አንዲት ቅጽበት ብቻ በመሆኗ፣ ያለፈውንና የሚመጣውን የምትጠቁመውን መምረጥ ይገባዋል። ብልጭ ብሎ የሚጠፋን ነገር ለዘለቄታ መሳልንም ይቃወማል። በዚህ ሕግ ከተዳኘ፣ ከማዕበል የባሰ ለሥዕል የማይመች ጉዳይ ከየት ይገኛል?

መልሱን በፈረንሳይ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በኤትረታ ከሠሩ ሁለት ሠዓልያን እናገኛለን። ምስክራችንም ራሱ ደራሲ ነው። በዚያው ያደገው ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1886 ባወጣው መጣጥፍ፣ ሁለቱ ሲሠሩ ያየውን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1869 ያየው ኩርቤ ከባሕሩ አጠገብ ባለ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ነጭ ቀለም በወጥ ቤት ቢላዋ በሸራው ላይ እየለጠፈ፣ አልፎ አልፎ ወደ መስኮቱ ሄዶ ማዕበሉን ይመለከት ነበር። ሞኔ ግን የአንድን ቦታ የተለያዩ ሰዓታት የያዙ አምስት ወይም ስድስት ሸራዎች አስይዞ ይወጣል፤ ሰማዩ በተለወጠ ቁጥር አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል።

ልዩነቱ ልብ ሊባል ይገባል። ኩርቤ ማዕበሉን ሊከሰከስ ሲል ስለሚይዘው፣ ሌሲንግ የሚፈልጋትን ቅጽበት አግኝቷል ሊባል ይችላል፤ ቀለሙም አረፋውን እንደ ድንጋይ አክብዶታል። ሞኔ በአንጻሩ አንዲቷን ቅጽበት መምረጥ ትቶ፣ ብርሃኑ እስኪመለስ እየጠበቀ እያንዳንዱን ሸራ ደጋግሞ ይጐበኛል። ከኤትረታ ሥዕሎቹ በርካታዎቹን የጨረሰውም ዢቬርኒ በሚገኘው የሥራ ክፍሉ ነው። ስለዚህ በሸራው ላይ አንዲት ቅጽበት የምትመስለን የብዙ ምልልስና የትዝታ ድምር ናት። ኩርቤም ቢሆን ወደ መስኮቱ ይመላለስ ነበር። ሁለቱም ውሃውን አላስቆሙትም፤ ተከታተሉት።

ደራሲ ጊዜ የቋንቋው ሀብት ስለሆነ ከሠዓሊ የሚማረው የለም የሚል ተከራካሪ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሀብቱን መያዝና በሀብቱ መጠቀም የተለያዩ ናቸው። ታሪኩን ገትቶ ወንዙን «ጥርት ያለ፣ ውብ፣ ሰማያዊ» እያለ ቅጽል የሚደረድር አንቀጽ፣ በሠዓልያኑ መመዘኛም ቢሆን ሥዕላዊ አይደለም። ተመልካቹ የት ቆሟል? ሰዓቱ ስንት ነው? በመጀመሪያውና በሁለተኛው እይታ መካከል ምን ተለወጠ? በእኔ እምነት፣ «ሥዕላዊ» የሚለውን ሙገሳ ከመስጠታችን በፊት አንቀጹን እነዚህን ጥያቄዎች ልንጠይቀው ይገባል።