«አይሰርዙ» እና «አይ፣ ሰርዙ»

በኦፕን ሶርስ ዓለም የሥርዓተ ነጥብ እርማት የሚልክ ሰው ብዙም አይከበርም። ኮድ የጻፈው ባለሙያ ነው፤ ነጥብ ያስተካከለው ግን ቁጥር ማሟያ። ንቀቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሃክቶበርፌስት ጊዜ ለቲሸርት ሲሉ ሪድሚ ላይ አንድ ሁለት ቃል እየጨመሩ ፑል ሪኩዌስት የላኩ ሰዎች የፕሮጀክት ባለቤቶችን አስመርረው ነበር። ጥፋቱ ግን ሳያነቡ ማረማቸው እንጂ ማረማቸው አይደለም።

አማርኛ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። መመሪያው «የድሮው ፋይል ይቆይ?» ብሎ ይጠይቅና «አይሰርዙ» ብሎ ይመልሳል እንበል። አምስቱን ፊደል ሳትነኩ ነጠላ ሰረዝና ክፍት ቦታ ጨምሩበት፦ «አይ፣ ሰርዙ»። ፋይሉ ሄደ! ኮድ ላይ ቢያንስ አንዳንዱን ስህተት ኮምፓይለር ይይዝልናል። መመሪያ ላይ ግን የሚጮኸው ተጠቃሚው ነው፤ እሱም ፋይሉ ከጠፋ በኋላ።

ሌላው ጣጣ «::» ነው። ሁለት ኮለን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዓይን አራት ነጥብ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ማሽን ግን አይሸወድም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለአራት ነጥብ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ በሄክሳዴሲማል 1362። «።»ን እየፈለገ ዓረፍተ ነገር የሚለይ ፕሮግራም «::» ላይ አይቆምም።

ሰዋስዉም ያው ነው። የእንግሊዝኛው «ዲሊት» ጾታ የለውም። አማርኛ ግን «ሰርዝ» ነው «ሰርዢ» ወይስ «ይሰርዙ»? መምረጥ ግድ ነው። አንዱ ገጽ «አንተ»፣ ቀጣዩ «እርስዎ» ሲል አንባቢው ማን እያናገረው እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

ይህ ጥንቃቄ እኮ ለኛ አዲስ አይደለም። ገነተ ማርያም በዓፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1270–1285) ከአለት በተፈለፈለችበት በላስታ፣ እንደ ሌላውም የግዕዝ አገር፣ የብራና ጸሐፊ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ እየለየ ነው የሚጽፈው። የሳተውን በቢላ ፍቆ ያርማል፤ የዘለለውን ከመስመሩ በላይ ያስገባል። ከሱ የሚቀዳው ሰው ስህተቱንም አብሮ እንደሚቀዳ ያውቃል። የኛም መመሪያ እንደዚያው ይቀዳል፤ ልዩነቱ የሚቀዳበት ፍጥነት ነው።

ስለዚህ እርማት ስትልኩ «ታይፖ» ብላችሁ አትለፉ። ሳይታረም ቢቀር አንባቢው ምን ያደርግ እንደነበር በአንድ መስመር ጻፉ። ተቀባዩም ያንን መስመር ያንብብ፤ «ነጥብ ብቻ ናት» ከማለቱ በፊት።